በጥሬ ብር ከሆነ ሃያ ይጨመራል

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነዳጅ ቀጂ ሆኜ ሠርቻለሁ። ማደያው ከቦንጋ መውጫ ላይ ነው። ወንበር አልነበረንም። ሥራ አስኪያጁ ሰው ከተቀመጠ ለመነሳት ይሰንፋል የሚል እምነት ነበረው። ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ እንቆማለን፤ ሰልፍ ሲጠፋ በፓምፖቹ መካከል ወዲያ ወዲህ እንላለን። ከሥራው ከወጣሁ በኋላም መቀመጥ አቃተኝ። ባንክ ወረፋ ስጠብቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ስሰማ፣ ሰው ቤት ስጋበዝ እግሬ አያርፍም። አጠገቤ ያለ ሰው ጉልበቴን ይዞ «ምን ሆነሻል?» እስኪለኝ ድረስ አይታወቀኝም።

ያደግሁት ቢታ ገነት ነው። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ቆየሁና፣ ኮሌጅ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ «እኔ የምሠራበት ማደያ ሰው ይፈልጋል፣ ነይ» ብላ ጠራችኝ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። አንድ ምድጃ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጃንጥላ ነበረን። ጃንጥላው የእሷ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ወደኔ አዘንብላ ትይዘው ስለነበር አንድ ትከሻዋ ረጥቦ ነው ሥራ የምንገባው።

ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ገደማ ነዳጅ በጥሬ ብር መሸጥ ተከለከለ። ክፍያ በስልክ ብቻ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀት አሳትሞ በየፓምፑ ላይ ለጠፈ፤ እኛንም ሰብስቦ ብር በእጃችን እንዳይገኝ አስጠነቀቀን። የባጃጅ ሾፌሮቹ በሳምንት ውስጥ ለመዱ። የመንግሥት ሠራተኞቹ፣ በተለይ ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡት፣ ድሮም ደሞዛቸው ስልካቸው ላይ ስለነበር ምንም አልመሰላቸውም። ግራ የተጋባው ከገጠር የሚመጣው ሰው ነው።

ከእነሱ መጀመሪያ ያጋጠመኝን ሰውዬ አልረሳውም። ከማንኪራ ማር ይዞ መጥቶ፣ ሸጦ፣ ሞተሩን ሊያስሞላ መጣ። መቶ ብሮቹን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ብር አንቀበልም ጋሼ፣ በስልክ ነው» አልኩት።

ብሩን ገልብጦ አየው፤ ጉድለቱ ብሩ ላይ ያለ መስሎት ይመስለኛል። ሌላ መቶ ብር፣ አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን መርጦ አወጣ።

«ይህስ?»

«እሱም አይሆንም። መንግሥት ነው የከለከለው።»

«ብሩን?»

«ብሩን ሳይሆን፣ እዚህ በብር መክፈልን።»

ከኋላው ሰልፉ ይጮሃል። የእሱ ስልክ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ስልክ ነው። አላስቻለኝም። ከራሴ ስልክ ከፈልኩለትና ብሩን ተቀበልኩት። ሲሄድ ተመልሶ አሥር ብር እጄ ላይ አደረገ። «ለካርድ ይሁንሽ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የጀመረው እንዲህ ነው። በማግስቱ ሁለት ሰው፣ ከዚያ አምስት ሰው። አንዳንዱ አምስት ብር፣ አንዳንዱ አሥር ይሰጠኛል፤ አንዳንዱ ምርቃት ብቻ ሰጥቶኝ ይሄዳል። አንድ ቀን ከሺሺንዳ የመጣ ነጋዴ መኪናውን አስሞልቶ «ስንት ልጨምርልሽ?» ሲል ጠየቀኝ። «ሃያ» አልኩ። ለምን ሃያ እንዳልኩ አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ሰውዬው ሳያቅማማ ከፈለ። ጓደኛዬ ከሁለተኛው ፓምፕ ሰምታ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ እሷም «በጥሬ ብር ከሆነ ሃያ ይጨመራል» ስትል ሰማኋት። በሳምንቱ አራታችንም ቀጂዎች ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንላለን። ለአንድ ጊዜ መቅዳት ሃያ ብር፤ ለአንድ ሊትርም ሃያ፣ ለሃያ ሊትርም ሃያ።

ሥራ አስኪያጁ ሲጠራን ያበቃልን መስሎኝ ነበር። ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«ደንበኛ ሳይቀዳ እየተመለሰ አይደለም። ይህ ጥሩ ነው» አለ። «ግን ሥርዓት ይኑረው። እኔንም አትርሱኝ።»

ሥርዓት ማለቱ እኩሌታውን ማለቱ እንደሆነ የገባን በወሩ መጨረሻ ነው።

የቡና ወቅት ሲደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እሸት ቡና የሚገዙ ነጋዴዎች ገንዘባቸው ስልካቸው ላይ ነው፤ ለቃሚው ገበሬ ደግሞ በእጁ የሚይዘውን ብር ካላየ ቡናውን አይሰጥም። ባንክ ቤት ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ነጋዴዎቹ እኛ ዘንድ ይመጡ ጀመር። በስልክ ይልኩልናል፣ ከገጠሬው የተቀበልነውን ጥሬ ብር እንሰጣቸዋለን፣ እዚያም ላይ ኮሚሽን እንቀበላለን። ብሩ ከእኛ ወጥቶ ጫካ ይገባል፣ በቡና ተቀይሮ ገበሬው ኪስ ይገባል፣ ገበሬው ሞተሩን ሊያስሞላ ሲመጣ ወደ እኛ ይመለሳል። በሄደም በመጣም ቁጥር እኛ ዘንድ የሚቀር ነገር አለ።

በዚያን ሰሞን አንድ የቦቴ ሾፌር፣ ናፍጣ እያራገፈ፣ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ የነገረውን አጫወተን። እዚያ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ነዳጅ ይረክስለታል፣ በካርድ የሚከፍል ነው የሚጨመርበት አለን። ጓደኛዬ «እኛ ነን ለካ የተገላበጥነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እዚያም እዚህም ዋጋው አንድ አይደለም፤ እዚያ ግን ሁለቱም ዋጋ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል ብሏል። የእኛ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አንድ ዋጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው ያለው በአፋችን ነው።

እስከዚህ ድረስ ለራሴ መልስ ነበረኝ። ስልኬ ነው፣ ሒሳቤ ነው፣ አገልግሎት ነው፤ ማንንም አላስገደድኩም። እረፍት የነሳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ያለውም ሰው ብር ያወጣል፣ ሃያውንም ይጨምራል፤ የእኛ ክፍያ ኔትወርኩ ሲመለስ ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ቀን ገቢያችን እጥፍ ይሆናል። አንድ ጠዋት ኔትወርኩ ተመልሶ ሳለ አንድ ሞተረኛ «ኔትወርክ አለ?» ሲለኝ «የለም» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ማንም አልደነገጠም። ሰማይም አልተደፋም። ሰውዬው ብሩን ከፍሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኔትወርክ የሚኖረው እኔ ሲያሻኝ ሆነ።

ያኔ ነው መንቀሳቀሱ የባሰብኝ። ሰልፍ እያለ እንኳ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። የሰው ፊት ላለማየት የፓምፑን ቁጥር እያየሁ ማውራት ለመድኩ።

ክረምት ገብቶ ነበር። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ሲጀምር አያባራም። አንድ ሰው ረጅም የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ ሄልሜት አድርጎ፣ በአሮጌ ሞተር መጣ። ከኋላው ትልቅ ጀሪካን አስሯል። ለወፍጮ ናፍጣ በጀሪካን እንዲቀዳ የሚፈቅድ የቀበሌ ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። ደብዳቤውን ከላይ ከላይ አይቼ መለስኩለት።

«ኔትወርክ የለም። በጥሬ ብር ከሆነ ሃያ ይጨመራል።»

«በጥሬ ብር ነው» አለ። «በሊትር ነው ወይስ በጠቅላላ?»

«በጠቅላላ።»

ቀዳሁለት። ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ሃያውን ለብቻ።

«ደረሰኝ።»

ሰጠሁት። ከዝናቡ ለመከለል ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው። ሰልፉ ጡሩምባ ያሰማል።

«እዚህ ላይ ሃያው የለም።»

«ደረሰኙ የነዳጁ ብቻ ነው።»

«ሃያውስ የምንድነው?»

«የአገልግሎት።»

ሄልሜቱን አወለቀ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረኝ መምህር ነው። ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ፣ ቢታ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጡረታ ወጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። የእኔን ማንነት ከመጀመሪያውም ያወቀ ይመስለኛል፤ እኔ የፓምፑን ቁጥር ነበር የማየው።

«ቲቸር» አልኩ።

«ደኅና ነሽ? አድገሻል» አለኝ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። «ገንዘቡ የእኔ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው። ሃያ ብሩን ለማን እንደሰጠሁ ማስረዳት አለብኝ። ከደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን።»

እስክሪብቶውን ከውስጥ ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጓደኛዬ ከማዶ ራሷን እየነቀነቀች ምልክት ትሰጠኛለች፤ አትጻፊ ማለቷ ነው። እጄ ግን እሷን አልሰማም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ሰሌዳ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። «በጥሬ ብር ስለተከፈለ ሃያ ብር ተጨማሪ ተቀብያለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ቀለሙ በእርጥቡ ወረቀት ላይ ትንሽ ተንሰራፋ፤ ሁሉም ግን ይነበባል። ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር በላስቲኩ ጠቀለለው።

«እናትሽን ሰላም እልልሻለሁ» ብሎኝ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

«አብደሻል?» አለችኝ ጓደኛዬ፣ ሰልፉ ጋብ ሲል። «ማስረጃ በእጅሽ ጽፈሽ ትሰጫለሽ?»

«አስተማሪዬ ነው።»

«አስተማሪሽ ቢሆንስ? አሁን አስተማሪሽ አይደለም። ያንን ወረቀት ይዞ ቁጥጥር ጋ ቢሄድ አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትባረሪው።»

እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አላለፉልኝም። የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና በመጣ ቁጥር ቧንቧው ከእጄ ሊወድቅ ይደርሳል። አንድ ባጃጅ ላይ ታንከሩ ሞልቶ እስኪፈስ አላቆምኩም፤ ሾፌሩ ጮኾ ነው ያነቃኝ። ሞተር ከሩቅ ስሰማ አሮጌ ይሁን አዲስ ለመለየት ጆሮዬን እተክላለሁ። ምሳ አልበላ አለኝ። ጓደኛዬ አንድ ሁለት ቀን አጽናናችኝ፤ ከዚያ ታከታት። «ሂጂና ተቀበይው» አለችኝ። «ወይ ሂጂ፣ ወይ ዝም በዪ።»

የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ሄድኩ። ንጋት ላይ ተሳፈርኩ። ሺሺንዳ ላይ መኪና መቀየር ነበረብኝ፤ የገበያ ቀን ነበርና መኪናው ሳይሞላ አልንቀሳቀስ አለ። ሾፌሩ «ተቀመጪ እንጂ፣ ቦታሽ ይወሰድብሻል» ቢለኝም አልተቀመጥኩም። በቆጮ ሻጮቹና በበርበሬ ተራው መካከል ሦስት ጊዜ ዞርኩ። የምለውን ስለማመድ ነበር። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወረቀቱን ይመልሱልኝ።» እንደገና፣ «ቲቸር፣ ሃያ ብሩን አምጥቻለሁ።» የትኛውም ልክ አልመጣልኝም።

ቢታ ስደርስ እኩለ ቀን አልፏል። እናቴ ቤት ሳልሄድ በቀጥታ ወደ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በር ላይ ሆና «ወፍጮ ቤት ነው» አለችኝ። የትኛው ወፍጮ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልቆምኩም፤ ቢታ ውስጥ በናፍጣ የሚሠራው አዲሱ ወፍጮ የሴቶቹ ማኅበር ነው። እናቴም አባል ናት። ይህንን ቀድሞም አውቃለሁ፤ ነገሩን ከጀሪካኑ ጋር ያገናኘሁት ግን መንገድ ላይ፣ ወደ ወፍጮው ቁልቁል ስወርድ ነው። የተቀበልኩት ሃያ ብር የእነዚህ ሴቶች ነበር።

ወፍጮው እየሠራ ስለነበር ከበሩ ላይ ሆኖ መነጋገር አይቻልም። ሰባት ስምንት ሴቶች ተራ ይዘዋል። እናቴ ጥግ ላይ ሚዛኑ አጠገብ ናት። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደምመጣ የምታውቅ ይመስል አልተደነቀችም። መምህሩ ሞተሩን ሲያጠፋው ድንገት ጸጥ አለ፤ ፊቷ በዱቄት የነጣ አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞረች።

«ሃያ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ?»

የማኅበሩን ሒሳብ የሚጽፍላቸው መምህሩ ነው፤ ደረሰኙን እሑድ ለት በስብሰባ ላይ፣ እንደወትሮው፣ ከፊቱም ከጀርባውም ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል። ማንበብ የማይችሉትም እንዲሰሙ ሁሉን የሚያነበው እንዲያ ነው። ስሜን ከነፊርማዬ ሰምተዋል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለእኛ አሥር አድርጊልን፤ ልጃችን አይደለሽ?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አይደለም፤ በእርግጥ ዋጋ እየተከራከሩኝ ነበር። አንዷማ «ጅማ ሄዶ ከመቅዳት ይሻላል፣ ሃያውም ይሁን» አለች። የሚወቅሰኝ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። ከመወቀስ ይልቅ ያ ከበደኝ።

መምህሩን ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁ።

«ቲቸር፣ ወረቀቱን ይመልሱልኝ።»

«የማኅበሩ ሰነድ ነው፤ ልመልስልሽ አልችልም።»

«ሥራዬን ያሳጣኛል።»

«እኔ ለማንም ላሳይብሽ አልወሰድኩትም። ግን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ አልደብቀውም።» የእጁን ዱቄት አራገፈ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት ኔትወርክ አልነበረም?»

እግሬን አነቃነቅሁ። ከግድግዳው ማዶ ሴቶቹ ጆንያ ሲጎትቱ ይሰማል።

«ነበር» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ፤ የተናደደ አይመስልም፤ ያሳዘነው ነገር ግን ነበር። «እኔ ሃያው 'የአገልግሎት ነው' ብዬ ነው የነገርኳቸው። ልጅቷ ስልኳን ስለተጠቀመች ነው፣ ድካም አለበት ብዬ አስረድቻቸዋለሁ። እናትሽም ደስ ብሏት ነበር።»

ሃያ ብር አውጥቼ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ለእኔ አይደለም። ገንዘብ ያዣቸው እናትሽ ናት፤ ለእሷ ስጪ።»

እናቴ ቆጠራ የምትችለው በቃሏ ነው፤ ስህተት ግን አይገኝባትም። መቀነቷን ፈትታ ብሩን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። በካፊኖኖ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ ነው ያናገረችኝ፤ ሰው ፊት ሲሆን ከእኔ ጋር በአማርኛ ነበር የምታወራው።

«ለምን ትመልሻለሽ? ደሞዝሽ አይደለም?»

«አይደለም፣ እማ።»

«ስልክሽን ተጠቅመሽ ነው ብሏል መምህሩ።»

«ስልኬን ተጠቅሜያለሁ። ግን ዋሽቼ ነው። ኔትወርክ የለም ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ የሰሙም እንዳልሰሙ ሆነዋል። እናቴ ብሩን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። አልቸኮለችም። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው።

«ስንት ሰው ላይ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

ቤት ሄደን በላን፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ታናሽ እህቴ ፈተና አወራን። ሲመሽብኝ ወደ መኪና ሸኘችኝ። ስልኬን ሁለት ጊዜ ሰረቅ አድርጋ ስታየው አየኋት፤ መኪናው ሲነሳም እጇን አላነሳችም። እስከ ሺሺንዳ ድረስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ዶሮ ይዛ ነበር፤ ዶሮዋና እኔ እኩል ስንቁነጠነጥ ደረስን።

ቦንጋ ተመልሼ ለጓደኛዬ «እንተው» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወፍጮውንም፣ እናቴንም።

«የጀመርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እኔ ከዚህ ብር ለአባቴ መድኃኒት እልካለሁ። አንቺ እናትሽ ስላየችሽ ነው የምትተዪው።»

ብቻዬን ተውኩ። ጥሬ ብር የያዘ ሰው ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ሰውዬ ከስልኬ እከፍልለታለሁ፤ ምንም አልጨምርም። «ኔትወርክ አለ?» ሲሉኝ ካለ አለ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን የእኔ ፓምፕ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደረሰ፤ የሌሎቹ ባዶ ቀረ። ቀጂዎቹ አላናግር አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ይህን ቸርነት ከማን ኪስ ነው የምታደርጊው?» አለኝ። ከነገ ጀምሮ ከኋላ ያለው ናፍጣ ብቻ የሚቀዳበት ፓምፕ ላይ እንድቆም አዘዘኝ። እዚያ የሚመጡት ትልልቅ የጭነት መኪኖች ናቸው፤ ድርጅቶቻቸው ስለሚከፍሉ ጥሬ ብር የላቸውም። እኔና ጓደኛዬ ከዚያ ወዲያ ክፍላችን ውስጥ የምናወራው ስለ ከሰልና ስለ ውኃ ብቻ ሆነ። ዝናብ ሲጥል እኔ ቀድሜ እወጣ ነበር፤ ጃንጥላው ስር አብረን እንዳንሆን።

ወር ሳይሞላ የቁጥጥር ሰዎች መጡ። እንደ ደንበኛ ነው የመጡት፤ አንደኛው በሞተር፣ ጥሬ ብር ይዞ። የጓደኛዬ ፓምፕ ላይ ነበር የደረሰው። የተለመደውን ነገረችው፣ ከፈላት፣ ከዚያ መታወቂያውን አወጣ። ብሩን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ ስለ ሃያ ብር ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ረጋ ብሎ፣ እያዘነ ነው የተናገረው። ሌሎቹ ሁለት ቀጂዎችም አላየንም አሉ። አንደኛው ተቆጣጣሪ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ መጣ።

«አንቺስ? ይህን ነገር የጀመረው ማነው? ታውቂያለሽ?»

ጓደኛዬ ከሃያ እርምጃ ርቀት እያየችኝ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ለአስተማሪዬ ጽፌ ፈርሜ ነበር፤ እናቴ ፊት ተናግሬ ነበር።

«እኔ ናፍጣ ላይ ነው የምሠራው» አልኩት።

ማደያው ለጥቂት ቀናት ታሸገ። ጓደኛዬ ተባረረች፤ ከእሷ በቀር ማንም አልተነካም። ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን ስመጣ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«አንቺ ነሽ የነገርሽባቸው?»

«አይደለሁም። በእናቴ ይሁንብኝ።»

«እሺ። ብትሆኚ ይሻል ነበር» አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ቢያንስ የሆነ ነገር አድርገሻል ማለት ነው።»

ጃንጥላውን ሻንጣው ውስጥ ለመክተት ሞከረች፤ አልገባ ሲላት በእጇ ይዛ ወጣች። ጅማ ዘመድ አላት፤ ወደዚያ ሄደች።

እኔ ሌላ ሁለት ወር ሠራሁ። ማደያው ሲከፈት ወደ ፊት ፓምፕ መለሱኝ፤ ሃያው ለጊዜው ቆሞ ነበር። የጠየቀኝም፣ የከሰሰኝም የለም። ጠዋት ጠዋት የጓደኛዬን ፓምፕ የያዘችው አዲሷ ልጅ ሰላም ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ፊቷን ማየት ያቅተኛል። አንድ ቀን ሰልፍ እያለ ቧንቧውን ሰቅዬ፣ ቢሮ ገብቼ መልቀቂያ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ «ምን ጎደለሽ?» አለኝ። እንቅልፍ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

አሁን ከገበሬዎች ማር የሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። ሳምንቱን ግማሹን መንገድ ላይ ነኝ፤ ለእኔ የሚሆን ሥራ ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት የወፍጮ ማኅበሩን ክፍያ በስልክ ማድረግ ተማረች። ፊደል ባትቆጥርም የቁጥሮቹን ቦታ በጣቷ ታውቃለች። ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ገንዘብ ስልክላት ግን ከየት እንዳገኘሁት ትጠይቀኛለች፤ ድሮ አትጠይቅም ነበር።

ለጓደኛዬ ብዙ ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳችም። በዚህ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ አነሳች። አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ሆና እየሠራች ነው። አባቷ ይሻለዋል። እኔ እየተራመድኩ ነበር የማወራት፤ ከመንገዱ ዳር እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ መንገዱ።

«ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ» አልኳት። «የጀመርኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።»

ከወዲያ በኩል የጭነት መኪና ሲራገፍ ይሰማኛል።

«ብትናገሪም እኔን አይተዉኝም ነበር» አለች። «ሁለታችንም ነበር የምንባረረው።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ብትናገሪ ደስ ይለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ እንደገና።

ከዚያ ቦንጋ ዘነበ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እየዘነበ ነው አልኳት። ጅማ ገና ነው አለችኝ። ሰው ጠራትና ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን፤ አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ። ንግግራችን አጭር ነው።